የተበላሸው መስመር የት ይግባ?

ጥያቄው፦ «ሰላም ጋሼ። ፕሮግራሚንግ ከጀመርኩ ዓመት ሊሆነኝ ነው። የሙቀት መለኪያዎች በየ5 ደቂቃው የሚጽፉት፣ 60,000 መስመር ያለው የጽሑፍ ፋይል አለኝ። በፓይተን እያንዳንዱን መስመር በኮማ እቆርጥና ቁጥሩን ወደ ፍሎት (የአሥርዮሽ ቁጥር) እቀይራለሁ። መጀመሪያ ላይ መሃል መንገድ እየሞተ አስቸገረኝ። ከዚያ ሁሉንም ትራይ ውስጥ ከትቼ፣ ኤክሴፕት ላይ ፓስ ጻፍኩበት፤ ስህተት ሲመጣ ዝም ብለህ እለፍ እንደማለት። አሁን እስከ መጨረሻው ይሄዳል፤ ግን አማካዩ ልክ አይመስለኝም። አንድ መስመር ሲበላሽ ፕሮግራሙ ይቁም ወይስ ይዝለለው? የቱ ነው ትክክል?»

ከፋይሉ የላከልኝ ጥቂት መስመሮች እነዚህ ናቸው (ቀንና ሰዓት፣ ጣቢያ፣ ሙቀት፣ አስተያየት)፦

2024-03-07 14:05,17,23.4,ደህና
2024-03-07 14:10,17,--,ደህና
2024-03-07 14:15,17,"23,6",ደህና
2024-03-07 14:20,17,23.5,"ባትሪ ደክሟል, ይቀየር"

ምላሽ፦

ሰላም ወንድሜ። አይቁምም፣ አይዝለለውምም። መስመሩን አንስቶ ለብቻው ያስቀምጠው፤ የት እንደነበር፣ ምን እንደሚል፣ ለምን እንዳልገባ ጽፎ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ይሂድ። ይቁም አይቁም የሚለው በኋላ ይመጣል፤ የተቀመጡት ስንት እንደሆኑ ሲታይ።

በመጀመሪያ ያቺን ፓስ እናውጣት። አንተ የጻፍካት ለ«--» ብለህ ነው። እሷ ግን የምትውጠው እሱን ብቻ አይደለም። ትራይ ውስጥ የቫሪያብል ስም ብትሳሳት 60,000ውም መስመር አንድ በአንድ ይወድቃል፤ ፕሮግራሙም ምንም እንዳልተፈጠረ «ጨርሻለሁ» ይልሃል። የኤረሩን ዓይነት ሳትጠቅስ ኤክሴፕትን ባዶውን ከጻፍከው ደግሞ ይብሳል። ለማስቆም ኮንትሮልና ሲ ስትጫን እንኳ ያንንም ውጦ ይቀጥላል። መያዝ ያለብህ የምትጠብቀውን ብቻ ነው። ፍሎት ጽሑፉን አልቀይርም ሲል የሚወረውረው ቫልዩኤረር ነው፤ እሱን ያዝ። ሌላው ይፈንዳ። ያልጠበቅከው ነገር ቶሎ ቢፈነዳልህ ውለታ ቁጠረው።

እኔ ራሴ ከዚህ የባሰ ሠርቻለሁ። ጀማሪ ሳለሁ ቁጥር አልሆን ያለውን ሁሉ 0 አደርገው ነበር። ንጹሕ ሥራ መስሎኝ። 100 ንባብ አለ እንበል፤ 90ዎቹ 25 ዲግሪ፣ 10ሩ የተበላሹ። አማካዩ 25 መሆን ነበረበት። የኔ ፕሮግራም ግን 22.5 ይላል። 22.5 ደግሞ ማንንም አያስደነግጥም። 9,000 ቢል ኖሮ በዚያው ቀን ይያዝ ነበር። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የአንድ ቀን ቁጥር በእጇ ደምራ እስክታጋልጠኝ ድረስ ነገሩ ለወራት ተደብቆ ቆየ።

«እሺ፣ 0 ካላደረግኩትና ዝም ብዬ ከዘለልኩትስ?» ትለኝ ይሆናል። ይሻላል፣ ግን ሌላ ወጥመድ አለው። መስመሮች የሚበላሹት እንደ ዕጣ በዘፈቀደ ቢሆን ኖሮ ጥቂቱን መዝለል አማካዩን ብዙም አይነካውም። አብዛኛውን ጊዜ ግን ብልሽት ምክንያት አለው። ፎርትራን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ተመልከት። ቁጥሩ ከተመደበለት ቦታ ሲሰፋበት ቦታውን በኮከብ ይሞላዋል። ለሙቀቱ 4 ቦታ የተሰጠው ፕሮግራም 99.9ን በደንብ ይጽፋል፤ 100.0 ሲመጣ «****» ይወጣል። ኮከቦቹን ስትዘል የዘለልከው በጣም የሞቀውን ነው ማለት ነው። አማካዩ ዝቅ ይላል፣ አንተም ለምን እንደሆነ አታውቅም። የተበላሸው መስመር ራሱ መረጃ ነው የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ፓርስ ማድረግ (ጽሑፉን አንብቦ ወደ መረጃ መቀየር) አንድ ሥራ ይመስላል እንጂ ተደራርቦ የተቀመጠ ሦስት አራት ሥራ ነው። ባይት ወደ ፊደል ይቀየራል፣ ፊደሉ በዓምድ ይቆረጣል፣ የተቆረጠው ወደ ቁጥርና ቀን ይቀየራል፣ ቁጥሩ ደግሞ ትርጉም ይሰጥ እንደሆነ ይታያል። አንተ አራቱንም በአንድ መስመር ኮድ ልታደርግ ስለሞከርክ፣ ኤረር ሲመጣ የየትኛው እንደሆነ መለየት አቃተህ።

ፊደሉ ላይ ብዙ አልቆይም። ፋይሉን ስትከፍት ኢንኮዲንጉን (ፊደል ወደ ባይት የሚቀየርበትን ደንብ) በግልጽ ጻፍ፤ ዛሬ ብዙውን ጊዜ ዩቲኤፍ-8 ነው። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ 3 ባይት ስለሚይዝ፣ የመጨረሻውን ዓምድ በባይት ቁጥር የሚቆርጥ መሣሪያ ፊደሉን መሃሉ ላይ ይሰነጥቀዋል። እንዲህ ያለው ሲገጥምህ ኤረሩን «ኢግኖር» አትበለው፤ የተሰነጠቀው ፊደል ዱካ ሳይተው ይጠፋል። «ሪፕሌስ» ብትለው በቦታው ያ የታወቀው የጥያቄ ምልክት ይገባል፤ ምልክቱ ያለበትን መስመር ከዚያ ለይተህ ታወጣለህ። አንድ ሌላ የሚያናድድ ነገር አለ። አንዳንድ ፕሮግራሞች ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የማይታይ ምልክት ያስቀምጣሉ፤ ቦም ይባላል። የመጀመሪያው ዓምድ ስም ስክሪን ላይ «ቀን» ሆኖ ይታያል፣ ዲክሽነሪው ግን «ቀን የሚባል የለም» ይልሃል። ግማሽ ቀን በዚህ የፈጀ ሰው ብዙ ነው። ፓይተን ላይ ኢንኮዲንጉን «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» ብትለው ቦሙን ራሱ ያነሳልሃል።

መቁረጡ ላይ ግን እንቆይ። ችግርህ ግማሹ እዚህ ነው።

አራተኛውን መስመር እየው። «ባትሪ ደክሟል, ይቀየር» ውስጥ ኮማ አለ፤ ግን ጥቅስ ውስጥ ነው። ስፕሊት፣ ማለትም በኮማ የምትቆርጥበት ትእዛዝ፣ ጥቅስ አያውቅም፤ 4 የነበረውን 5 ያደርገዋል። ሦስተኛው መስመር ላይ ጉዳቱ ይከፋል። «23,6» ከመሃሉ ተቆርጦ የሙቀቱ ዓምድ ጥቅስና 23 ይሆናል። አሁን የመክፈቻው ጥቅስ ስላለ ፍሎት ይወድቅና ፓስ ትውጠዋለች። ጥቅሱን የሚያራግፍ ኮድ ጽፈህ ቢሆን ኖሮ 23 ሆኖ ዝም ብሎ ይገባ ነበር። ሲኤስቪ፣ ዓምዶቹ በኮማ የሚለዩበት የፋይል ቅርጽ፣ ለብዙ ዓመታት ደንብ ሳይኖረው እንደየሰዉ ሲጻፍ ኖሮ፣ በ2005 አርኤፍሲ 4180 የሚባለው ሰነድ የተለመደውን አሠራር በጽሑፍ አሰፈረው። ኮማ ያለበት ዓምድ በጥቅስ ይታጠራል፤ ጥቅስ ራሱ ውስጥ ካለ ሁለቴ ይጻፋል፤ ጥቅስ ውስጥ አዲስ መስመር መጀመርም ይቻላል። ይሄን ሁሉ ራስህ ልጻፍ አትበል። ፓይተን የሲኤስቪ ላይብረሪ አለው፤ ተጠቀምበት። ፋይሉን ስትከፍት «ኒውላይን» የሚለውን ባዶ ስትሪንግ (ባዶ ጽሑፍ) ማድረግህን አትርሳ፤ አለዚያ ጥቅስ ውስጥ ያሉት የመስመር መጨረሻዎች ይዛቡብሃል።

ሰዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። ጥቅስ ውስጥ አዲስ መስመር ከተፈቀደ፣ «አንድ መስመር አንድ መዝገብ ነው» የሚለው ነገር ፈረሰ። አንድ ሰው ጥቅስ ከፍቶ ሳይዘጋ ከተወው ፓርሰሩ የሚቀጥሉትን መስመሮች ሁሉ እንደ አንድ ዓምድ ይውጣቸዋል። መቶ መስመር፣ ሺህ መስመር። ፓይተን ላይ አንድ ዓምድ ከ131,072 ፊደል ሲበልጥ የዓምዱ ወሰን አለፈ ብሎ ይጮኻል። ፋይሉ ከዚያ ካነሰ ወይም ሌላ ጥቅስ መሃል ላይ ካገኘ ግን ምንም አይልህም። መዝገቦች ጠፍተው ማንም ሳያውቅ ይቀራል።

ኮምፓይለር (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም) የሚጽፉ ሰዎች ይሄን ችግር ድሮ ነው ያወቁት። ኮድህ ውስጥ አንድ ስህተት ሲገኝ ኮምፓይለሩ እዚያው አይሞትም። አስተማማኝ ምልክት እስኪያገኝ፣ ለምሳሌ እስከሚቀጥለው ሴሚኮለን፣ ያለውን ይጥልና ከዚያ እንደገና ይጀምራል። በአንድ ጊዜ አሥር ስህተት ሊነግርህ የቻለው ለዚህ ነው። አንተም የምትጠይቀው ይሄንኑ ነው፦ ከተሳሳትኩ በኋላ «እዚህ ጋ ደህና ነኝ» የምልበት ቦታ የት ነው? ያንተ ፋይል ላይ እያንዳንዱ መዝገብ በቀንና ሰዓት ይጀምራል። መለኪያዎቹ አስተያየት ውስጥ አዲስ መስመር እንደማይጽፉ እርግጠኛ ከሆንክ፣ ፋይሉን በመስመር ቆርጠህ እያንዳንዱን መስመር ለብቻው ለሲኤስቪ ላይብረሪው ስጠው። ያልተዘጋ ጥቅስ ያኔ የሚያበላሸው የራሱን መስመር ብቻ ይሆናል። እርግጠኛ ካልሆንክ ሙሉውን ስጠው፤ ግን አስተያየቱ ውስጥ ቀንና ሰዓት የሚመስል ነገር ካየህ መብራቱ ቀይ ነው።

በነገራችን ላይ ጄሰን የሚባለው ሌላው የመረጃ ቅርጽ ላይም ነገሩ አንድ ነው። 60,000 መዝገብ በአንድ ትልቅ ቅንፍ ውስጥ ከሆነ አንዲት የጎደለች ኮማ ሁሉንም ይዛ ትሄዳለች። በየመስመሩ አንድ ራሱን የቻለ ጄሰን ከሆነ ግን የምታጣው አንዱን ነው። የፋይሉን ቅርጽ የመምረጥ ዕድል ካለህ ሁለተኛውን ምረጥ።

ወደ ቁጥር መቀየሩ ላይ እንምጣ። ሰው የሚፈራው መቀየሪያው እምቢ የሚልበትን ነው። እኔ የምፈራው እሺ የሚልበትን ነው። ጃቫስክሪፕት ላይ ፓርስኢንት የሚባለው «12አበበ» ብትሰጠው 12 ይላል፤ ቀሪውን አላየሁም ብሎ። እዚያው ቋንቋ ላይ ናምበር ባዶ ስትሪንግን 0 ያደርገዋል። የሲ ቋንቋው ኤቱአይ ቁጥር ያልሆነ ጽሑፍ ሲሰጠው 0 ይመልሳል፤ እውነተኛውን 0 ከውድቀቱ የምትለይበት መንገድ የለህም። ፓይተን ጠንከር ይላል፣ ግን እሱም አመሉ አለው። «1_000» ላይ ወደ ሙሉ ቁጥር የሚቀይረውን ኢንትን ብትጠራ 1000 ይልሃል። ፍሎት ደግሞ «ናን» የሚለውን የላቲን ቃል በደስታ ይቀበላል። ናን ማለት «ቁጥር ያልሆነ» የሚባለው ልዩ ዋጋ ነው፤ አንዱ ድምር ውስጥ ከገባ ድምሩ ሁሉ ናን ይሆናል። ከዚህ የከፋው ማጣሪያህን ማምለጡ ነው። «ከ-40 ካነሰ ወይም ከ60 ከበለጠ ጣለው» ብለህ ጻፍክ እንበል። ናን ከምንም አያንስም፣ ከምንም አይበልጥም። ስለዚህ አይጣልም! ገልብጠህ ጻፈው፦ «በሁለቱ መካከል ከሆነ ብቻ አስገባው»። ያኔ ናንም ደጅ ይቀራል።

ለኛ ፊደል ተጠቃሚዎች ደግሞ የተለየች ስጦታ አለች። ፓይተን ላይ «፩» ቁጥር ነው ወይ ብለህ ኢዝዲጂት በሚለው ብትጠይቅ «አዎ» ይላል። ከዚያ ኢንት ላይ ስትሰጠው ይወድቃል። ዩኒኮድ የግዕዝ አኃዞችን ከ፩ እስከ ፱ እንደ አኃዝ ይቆጥራቸዋል፣ እንደ አሥርዮሽ ቁጥር ግን አይቆጥራቸውም። ስለዚህ «መጀመሪያ ቁጥር መሆኑን ላረጋግጥ፣ ከዚያ ልቀይር» የሚለው ዘዴ እዚህ ይከዳሃል። አስቀድሞ መጠየቁን ተወው፤ በቀጥታ ቀይር፣ እምቢ ካለ ቫልዩኤረሩን ያዝ።

ቀንም እንዲሁ ነው። ቅርጹን በሬጉላር ኤክስፕሬሽን (የጽሑፍ ቅርጽ ማመሳከሪያ) ብቻ ብታይ «2024-02-30» ያልፋል፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ሁሉም በቦታው ነው። የካላንደር ሕግ የሚያውቀው የቀን ላይብረሪው ስለሆነ ለእሱ ስጠው። ያንተ ፋይል ዓመትን አስቀድሞ መጻፉ ዕድለኛ ያደርግሃል፤ «03-07» ብቻ ቢሆን ኖሮ የቱ ወር የቱ ቀን እንደሆነ ማንም ኮድ አይነግርህም ነበር።

አሁን ዋናው ነገር፦ ያልሆነውን እንዴት ትይዘዋለህ? ኮዱን በቃል ልንገርህ። አንድ መስመር የምትቀበል ፋንክሽን ጻፍ። የምትመልሰው ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ የተሟላ መዝገብ፣ ወይ የስህተት ዝርዝር። ግማሽ መዝገብ የለም። መዝገቡ ዳታክላስ (ዓምዶቹ በስም የተዘረዘሩበት የፓይተን ዓይነት) ይሁን፦ ቀኑ ቀን፣ ጣቢያው ኢንቲጀር፣ ሙቀቱ ፍሎት ወይም «ንባብ የለም»። አንዴ መዝገብ ከሆነ በኋላ የተቀረው ፕሮግራምህ ደግሞ አይጠራጠርም፤ አማካይ የሚያወጣው ፋንክሽን ስትሪንግ የሚባል ነገር ማየት የለበትም። ረስት በሚባለው ቋንቋ ላይ ይሄ ሪዘልት በሚባለው ዓይነት ቋንቋው ውስጥ የተሠራ ነው፤ ጎ በሚባለው ላይ ዋጋውና ኤረሩ ጎን ለጎን ይመለሳሉ። ፓይተን አያስገድድህም፣ ግን አይከለክልህምም።

ስህተቱም እንደ መዝገቡ ዓምዶች ይኑሩት። የመስመር ቁጥር፣ የዓምዱ ስም፣ የጠበቅከው፣ ያገኘኸው፣ ከዚያ ዋናው መስመር ሳይነካ እንዳለ። «ጽሑፉን ወደ ፍሎት መቀየር አልተቻለም» የሚል መልእክት ለማን ይጠቅማል? «መስመር 41,207፣ ሙቀት፦ ቁጥር ጠብቄ «--» አገኘሁ» ሲል ግን ሰው ፋይሉን ከፍቶ ቀጥታ ይሄድበታል። ያገኘኸውን ስትጽፍ በጥቅስ አጥረው፣ ሬፕር በሚባለው የፓይተን ፋንክሽን በኩልም አሳልፈው፤ ባዶ ቦታና የማይታዩ ምልክቶች ያኔ ይገለጣሉ። ሲኤስቪ ላይብረሪው ላይን-ናም የሚል ቁጥር አለው። እሱ የሚቆጥረው ከፋይሉ ያነበበውን መስመር ነው እንጂ መዝገቡን አይደለም፤ አታምታታው። ደግሞ በአንድ መስመር ሁለት ዓምድ ከተበላሸ ሁለቱንም ጻፍ። አንዱን አስተካክሎ እንደገና ሲሞክር ሌላው የሚወጣበት ሰው በልቡ የሚልህን አትስማ።

«--»ን ግን ከስህተት ጋር አታስቀምጠው። እሱ ምናልባት መለኪያው «አሁን አልለካሁም» የሚልበት መንገድ ነው። ያ ሕጋዊ መልስ ነው፤ «ንባብ የለም» ሆኖ መዝገብ ውስጥ ይግባ። ፋይሉን የሚጽፈውን ሰው ጠይቅ። «23,6»ንም እንደዚሁ ጠይቅ። ኮማን ለአሥርዮሽ ነጥብ የሚጠቀሙ ብዙ አገሮች አሉ፤ ሌላው ጋ ደግሞ ኮማ ሺህ መለያ ነው። ይሄንን 23.6 ነው ብዬ ልገምት እችላለሁ። «1,234» ሲመጣ ግን ግምቴ አንድ ሺህ እጥፍ ሊሳሳት ይችላል። እኔ ብሆን ደንቡ በጽሑፍ እስኪሰጠኝ ድረስ ከስህተቶቹ ጋር አስቀምጠዋለሁ።

እዚህ ላይ ድሮ የተባለ ነገር አለ። በ1980 የወጣ የኢንተርኔት ሰነድ «ስትልክ ጠንቃቃ ሁን፣ ስትቀበል ቸር ሁን» የሚል ምክር ሰጠ። ለብዙ ዓመታት እንደ ሕግ ተያዘ። ለኢንተርኔቱ ማደግ ሳይጠቅም አልቀረም፤ ግን ተቀባዩ ሁሉን ይቅር ሲል ላኪው አያርምም፤ ቀጥሎ የሚመጣው ተቀባይም ያንኑ ስህተት ይቅር የማለት ግዴታ ይወርሳል። በ2023 አርኤፍሲ 9413 ይሄንኑ ጉዳት ዘርዝሮ ተችቶታል። እኔም ከትችቱ ጋር ነኝ። ቸርነትህ በስም የታወቀና የተጻፈ ይሁን፦ «--» ይፈቀዳል፣ ሌላው አይፈቀድም።

መቼ ይቁም ላልከው፦ የርዕሱ መስመር የጠበቅከው ካልሆነ ገና አንድ መዝገብ ሳታነብ አቁም። የፋይሉ ቅርጽ ተቀይሯል ማለት ነው። ከዚያ ውጭ እስከ መጨረሻው ሂድ፣ መጨረሻ ላይ ግን ቁጠር። የተነበበ፣ የገባ፣ የተለየ፣ ባዶ መስመር። የገባው፣ የተለየውና ባዶው ተደምረው የተነበበውን ካላከሉ የሆነ ቦታ የምትውጥ ፓስ ቀርታለች። የተለየው ከ1 በመቶ ካለፈ ውጤቱን አላወጣም፤ ፕሮግራሙ በስህተት ኮድ ይወጣል። 1 በመቶ የኔ ልማድ ነው፤ የውሂቡን ጠባይ ስታውቅ የራስህን ታበጃለህ። የኮንፊገሬሽን ፋይል ወይም የገንዘብ ዝውውር ቢሆን ግን ይሄ ሁሉ ምክር አይሠራም። እዚያ አንድ ስህተት ከተገኘ ሁሉም ይቆማል፣ ግማሽ የገባ ነገር አይኖርም።

ዛሬ ማታ የምትጀምርበትን ልንገርህ። አማካዩን ለጊዜው እርሳው። ፓሷን አውጥተህ ስህተቶቹን ብቻ ወደ ሌላ ፋይል ጻፍ፤ ከዚያ «ያገኘኸው» በሚለው ዓምድ ቡድን አድርገህ ቁጠራቸው። ከእያንዳንዱ ዓይነት አንድ አንድ መስመር ወስደህ የቴስት ፋይል አድርገህ አኑር፤ ኮዱን በነካህ ቁጥር ይሂድበት። ዝርዝሩ አብዛኛው «--» ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ኮከብ ካየህ ግን ኮድህን ሳይሆን መለኪያዎቹን የሚያስተዳድረውን ሰው ነው ማነጋገር ያለብህ፤ የመስመር ቁጥሮቹን ይዘህ ሂድ።